የመፍቻው ሳጥን ይቆይ፤ በሦስት ዘንግ ይጀምሩ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ 62 ዓመታቸው ነው። ዕድሜያቸውን በሂሳብ ሥራ አሳልፈው ከሁለት ዓመት በፊት ጡረታ ወጥተዋል። በቅርቡ ከብረት ቁርጥራጭ የተሠራ አንድ ወፍ አይተው ልባቸው እዚያው ቀረ። ቤት ውስጥ ባለቤታቸው ትተውት ያለፉት የመፍቻ ሳጥን አለ። ከእሱ አንድ ነገር መሥራት ይመኛሉ። ልጆቻቸው ግን "በዚህ ዕድሜ ከእሳት ጋር ምን አገናኘሽ?" ይሏቸዋል። "ሥዕል እንኳ ስዬ አላውቅም። እጄም እንደ ድሮው አይደለም። እውነት ይቻላል? ከሆነስ ከየት ልጀምር?" ብለው ጠይቀዋል።

ይቻላል። ይህን የምልዎት ለማጽናናት ብዬ አይደለም። እኔ በሙያዬ በያጅ ነኝ። ብዙ ዓመት በርና መስኮት ሠርቻለሁ። ኋላ ወደ ቅርጻ ቅርጽ ገባሁ፤ አሁን ጀማሪዎችን አስተምራለሁ። ከጡረታ በኋላ የመጡ ተማሪዎች ብዙ አሉኝ። አብዛኞቹን የሚያስቸግራቸው ዕድሜያቸው አይደለም። የሚያስቸግራቸው በጣም ከሚወዱት ነገር ለመጀመር መቸኮላቸው ነው። ምክሬ ከሳጥኑ የማይጀምረውም ለዚህ ነው። ሳጥኑ ላይ እንደርሳለን።

በፊት ስለ አንድ ሰው ላውራዎት። ሁልዮ ጎንዛሌዝ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1876 ባርሴሎና ተወለደ። ቤተሰቡ የብረታ ብረት ጌጥ ሠሪ ስለነበር መዶሻ መያዝ የተማረው ገና በልጅነቱ ነው። ፍላጎቱ ግን ሰዓሊ መሆን ነበር። ፓሪስ ሄዶ ለብዙ ዓመታት ሥዕል እየሳለ፣ ጌጣጌጥ እየሠራ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1918 በሬኖ መኪና ፋብሪካ ሲሠራ በኦክሲጅንና በአሴቲሊን ጋዝ መበየድ ተማረ። ያኔ ከ40 ዓመት አልፎት ነበር። ያንን እውቀት በደንብ ለቅርጻ ቅርጽ ያዋለው ግን ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። ፒካሶ በብረት ሥራ የሚያግዘው ሰው ሲፈልግ ወደ እሱ መጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1928 ገደማ አብረው መሥራት ጀመሩ። ጎንዛሌዝ ያኔ 52 ዓመቱ ነው። ዛሬ ስሙ የሚነሳባቸው ሥራዎች በሙሉ ማለት ይቻላል የተሠሩት ከዚያ ወዲህ፣ እስከ ሞተበት እስከ እ.ኤ.አ. 1942 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ከላሜራ የሠራት ልጅ የታቀፈች ገበሬ ሴት፣ "ሞንሴራት" የምትባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1937 በፓሪሱ ዓለም አቀፍ ትርኢት በስፔን አዳራሽ ቆማለች። ሲሠራት 60 ዓመቱ ነበር።

እርግጥ እሱ በመዶሻ ድምፅ ያደገ ሰው ነው፤ እርስዎ አይደሉም። ይህን አልሸሽግዎትም። ይሁን እንጂ እሱ ያገኘው መንገድ ለእርስዎም ይሠራል። ከእሱ በፊት ቅርጻ ቅርጽ ሲባል በአብዛኛው ወይ ድንጋይና እንጨት መጥረብ፣ ወይ ጭቃ አበጅቶ ነሐስ ማፍሰስ ነበር። እሱ ግን ቀጭን ዘንግና ላሜራ እየቆረጠ፣ እየበየደ አያያዘ። በብረቶቹ መካከል ያለው ባዶ ቦታም የቅርጹ አካል ሆነ። በአየር ላይ መሳል ማለት ነው። "ሥዕል ስዬ አላውቅም" ላሉት መልሱ እዚህ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ዘንጉ ራሱ መስመር ነው። መሳል አይጠበቅብዎትም። ያነሱታል፣ ያዞሩታል፣ ዓይንዎ "እዚህ ጋ" ሲል ያቆሙታል።

ብረት ሌላም መልካም ጠባይ አለው፤ ስሕተትን ይታገሳል። ድንጋይ አንዴ ከተፈነከተ ተፈነከተ ነው። ብረት ግን ያልወደዱትን ቆርጠው ያነሳሉ፣ ሌላ ቦታ ይበይዱታል። አጠረ? ይቀጥሉበታል። ዘግይቶ ለጀመረ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ስሕተት ብርቅ የማይሆንበት ሥራ ነው፤ ስለዚህ ሳይፈሩ ይሞክራሉ።

አሁን ወደ እጅዎ። "እንደ ድሮው አይደለም" ብለዋል። ብዙ ሰው እንዲሁ ይለኛል። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ዓይናቸው ነው። ሲያነቡ መነጽር ያደርጋሉ? ካደረጉ፣ ያው መነጽር ለብየዳም ያስፈልግዎታል። በያጅ የሚሠራው ከዓይኑ 30 ወይም 40 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው፤ ልክ መጽሐፍ በሚነበብበት ርቀት። ብየዳው ጠማማ ሲሆንባቸው "እጄ ይንቀጠቀጣል" የሚሉ ተማሪዎች አጋጥመውኛል። እጃቸው ምንም አልሆነም። የሚቀልጠውን ብረት አጥርተው አያዩትም፤ ጉዳዩ ይኸው ነው። ፊት በሚሸፍነው የብየዳ ማስክ ውስጥ የሚገጠም አጉሊ መስታወት አለ። አንዲት ተማሪዬ ለሦስት ሳምንት ስትበሳጭ ቆይታ ያንን ብናስገባላት በዚያው ቀን ቀጥ ያለ መስመር በየደች። የንባብ መነጽርዎ ሁለት ዓይነት እይታ ያለው፣ ከላይ ለሩቅ ከታች ለቅርብ የሆነ እንደሆነ ደግሞ ማስክ ውስጥ አንገትዎን ያስጨንቅዎታል። ለቅርብ ብቻ የሆነ ያሠሩ።

የእጅ ጉልበት ራሱ የሚያሳስበውን ያህል አይደለም። የሥራ ጠረጴዛዎ ክርንዎ ላይ የሚደርስ ይሁን። ቁራጩን ሞርሳ (ጠረጴዛ ላይ የሚታሰር ማጥበቂያ) ይያዘው እንጂ እጅዎ አይያዘው። ጣቶችዎን የሚያምዎት ከሆነ የመዶሻው እጀታ ወፈር ያለ ይሁን። ግማሽ ኪሎ የማይሞላ መዶሻ ለጀማሪ ከበቂ በላይ ነው። ልብዎ ላይ የተገጠመ መሣሪያ ካለ ግን የብየዳ ማሽን ከማብራትዎ በፊት የልብ ሐኪምዎን ያማክሩ። የማሽኑ ኤሌክትሪክ ሊያውከው ይችላል። በዚህ ጉዳይ "ግድ የለም" የለም።

ብየዳው ምን እንደሚመስል ላሳይዎት። ለጀማሪ ተራውን የኤሌክትሮድ ብየዳ እመርጣለሁ። ኤሌክትሮድ ማለት ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት፣ እየቀለጠ ብረቱን የሚያያይዝ ቀጭን ዘንግ ነው። ባለ 2.5 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ፣ 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ተራ ብረት፣ ማሽኑ ከ70 እስከ 90 አምፔር መካከል። ብልጭታው እንዲነሳ ኤሌክትሮዱን ብረቱ ላይ እንደ ክብሪት ጫር ያደርጉታል። ይነሳል። መጀመሪያ የሚያዩት ብርሃኑን ብቻ ነው፤ ሁሉም ጀማሪ ብርሃኑን ነው የሚያየው። ከብርሃኑ ጀርባ ይመልከቱ። እዚያ የምስር ፍሬ የምታህል ትንሽ የቀለጠ ብረት ኩሬ አለች። ታበራለች፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ጫፏ ክብ ነው። ከኋላዋ ጠቆር ያለ ቅርፊት ይከተላታል። ኩሬዋ ሁለቱን ብረቶች እኩል ስትነካ ተያያዙ ማለት ነው። አንዱን ብቻ ከነካች ከላይ ያማረ፣ ውስጡ ያልያዘ ብየዳ ይሆናል። የእርስዎ ሥራ ይህችን ኩሬ መምራት ነው። ኤሌክትሮዱን አይግፉት፤ ኩሬዋን ይዘው ይሂዱ። ድምፁም ይነግርዎታል። ሲስተካከል ሳይቋረጥ የሚንጣጣ፣ እንደ ጋለ ዘይት ያለ ድምፅ አለው። ሲራራቅ ይፈነጣጠራል፤ ሲጠጋ ኤሌክትሮዱ ይጣበቃል። ቢጣበቅ አይደንግጡ፤ ወዘወዝ አድርገው ያላቅቁት። የመጀመሪያውን ቀን ሁላችንም ስናላቅቅ ነው የዋልነው።

ከዚያ ቅርፊቱን በትንሽ መዶሻ ይመታሉ። ይረግፋል፤ ከስሩ ልክ እንደ ተደረደረ ሳንቲም እርከን እርከን ያለ መስመር ይወጣል። ያንን መስመር ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩ ሰዎችን ፊት ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። 70 ዓመት ሆኗቸው እንደ ልጅ የሚስቁ አሉ። ይህን ስጽፍልዎት ራሱ ደስ ይለኛል።

ልጆችዎ የፈሩት ግን እውነት አለው። ስለዚህ አደጋው የት እንዳለ በትክክል ይወቁ። ሰው የሚፈራው ብየዳውን ነው፤ እኔ ይበልጥ የምፈራው ግራይንደሩን፣ በሚዞር ዲስክ ብረት የሚቆርጠውንና የሚሞርደውን ማሽን ነው። ትንሿ ባለ 115 ሚሊ ሜትር ዲስክ በደቂቃ 11,000 ጊዜ ያህል ትዞራለች። ዲስኳ ብረት ውስጥ ስትቀረቀር ማሽኑ ወደ ሰው ይወረወራል። መከለያዋን ፈጽሞ አያውልቁ። ሁለት እጅ ይያዛት። ከዲስኩ መስመር ላይ አይቁሙ፤ ወደ ጎን ይበሉ። የተሰነጠቀ ወይም ጊዜው ያለፈበት ዲስክ ይጣል። ፊትዎ በመከላከያ፣ ዓይንዎ ደግሞ ከስሩ በመነጽር ይሸፈን። ግራይንደር ደፋር ሰው አይወድም። ከከበደዎት ቆረጣውን በእጅ መጋዝ ያድርጉት። ባለ 10 ሚሊ ሜትር ዘንግ በጥሩ መጋዝ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። እኔ ለጀማሪ የመጀመሪያውን ወር በመጋዝ ብቻ አስቆርጣለሁ።

ሁለተኛው ጭሱ ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2017 የብየዳ ጭስን ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች መድቦታል። ደጅ ወይም አየር በደንብ በሚወጣበት ቦታ ይሥሩ፤ ለብየዳ ጭስ የተሠራ የአፍና የአፍንጫ ጭንብልም ያድርጉ። ራስዎን ከጭሱ በላይ አይድፉ፤ ከጎን ይሁኑ። ዚንክ የተቀባ ብረት አይበይዱ። ነጣ ብሎ የሚያብረቀርቅ፣ ዝገት የማይዘው ቧንቧና ቆርቆሮ አብዛኛው እንዲህ ነው። ዚንክ በ907 ዲግሪ ይተናል፤ ብረት ግን የሚቀልጠው ከ1,500 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ብረቱ ሳይቀልጥ ዚንኩ ነጭ ጭስ ሆኖ ይነሳል። ያንን የሳበ ሰው ከሰዓታት በኋላ እንደ ጉንፋን ያንቀጠቅጠዋል። አንድ ጊዜ ደርሶብኛል፤ ሌሊቱን በሙሉ ብርድ ብርድ ሲለኝ ነው ያደረው። ቀለም ያለበትን ብረት ቀለሙን ሳያነሱ አይበይዱ። ነዳጅ ወይም ማንኛውም ኬሚካል የነበረበትን በርሜልና የታሸገ ዕቃማ በአጠገቡም አይለፉ፤ ታጥቦም ቢሆን ሊፈነዳ ይችላል።

የተቀረውን ፈጠን ልበል። ልብስዎ ጥጥ ይሁን፤ ናይሎን ቆዳ ላይ ይቀልጣል። ጫማዎ የተሸፈነ ይሁን። ማስክ ሳያደርጉ ብልጭታውን ለአፍታም አይዩ፤ የሚያመው ያኔውኑ አይደለም፣ ማታ ላይ ዓይንዎ አሸዋ የገባበት ይመስላል። ሥራ ከጨረሱ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት እዚያው ይቆዩ። እሳት የሚነሳው ሰው ከሄደ በኋላ ነው። ብቻዎን ደግሞ አይጀምሩ። ማሽን ከመግዛትዎ በፊት ከሚያውቅ ሰው ጎን ጥቂት ቀን ይሥሩ። ለልጆችዎም የሚነግሯቸው ይህንኑ ነው። "ምንም አልሆንም" ከማለት ይልቅ መከላከያዎን አሳይተው፣ አንዳቸውን ጠርተው አጠገብዎ ቢያቆሙ ይሻላል። ብዙ ጊዜ ያ ልጅ ራሱ ማስኩን ይጠይቃል።

እሳት ጨርሶ አልፈልግም ቢሉም በሩ አይዘጋም። ኤል አናትሱይ ጋና የተወለደ፣ ናይጄሪያ የኖረ ቀራጺ ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 ተወለደ። ለብዙ ዓመታት በእንጨትና በሸክላ ሲሠራ ቆይቶ፣ ዓለም ያወቀውን ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ ዕድሜው ከ50 ካለፈ በኋላ ነው። የመጠጥ ጠርሙስ ክዳኖችን እየጠፈጠፈ፣ እያጠፈ፣ በመዳብ ሽቦ እየሰፋ ግድግዳ የሚያለብስ፣ እንደ ጨርቅ የሚታጠፍ ብረት ሠራ። እ.ኤ.አ. በ2015 በጣሊያን በሚደረገው ዓለም አቀፍ የሥነ ጥበብ ትርኢት፣ በቬኒስ ቢየናሌ፣ ለዕድሜ ልክ ሥራው የወርቅ አንበሳ ተሸልሟል። አንድም ብየዳ የለበትም።

እርስዎ ግን ያዩት ወፍ የተበየደ ይመስለኛል፤ ልብዎም እዚያው ነው። ስለዚህ የመጀመሪያ ሥራዎን ልስጥዎት። ወፍ አይደለም።

ሦስት ዘንግ ይፈልጉ። ባለ 10 ወይም ባለ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ ይበቃል። አንዱ 60 ሳንቲ ሜትር፣ አንዱ 40፣ አንዱ 25 ይሁን። በሁለት ወይም በሦስት ብየዳ ብቻ አያይዘው፣ ያለ ምንም መሠረት በራሱ የሚቆም ነገር ያድርጉት። ሌላ ሕግ የለም። መጀመሪያ በሽቦ ይሰሩት። ይቁም። ይውደቅ። እንደገና ይቁም። መሬት የሚነካባቸው ነጥቦች ሦስት መሆን አለባቸው፤ ክብደቱም በሦስቱ መካከል መውደቅ አለበት። ይህን በቃል ሳይሆን በእጅዎ ነው የሚያውቁት። ከዚያ ይዙሩት። ከፊት ያማረ ከጎን ባዶ ሆኖ ያገኙታል። ማታ መብራት አጥፍተው ባትሪ ያብሩበትና ግድግዳው ላይ ጥላውን ይዩ። ጥላው ከቅርጹ ካማረ፣ ቅርጹ ገና አልደረሰም ማለት ነው። በስልክዎ ፎቶ ያንሱት። አንድ ሌሊት ይተዉት። ጠዋት ሲገቡ መጀመሪያ ዓይንዎ የሄደበት ቦታ ላይ ወይ ጥሩው፣ ወይ የሚቀየረው አለ። ለዚህ ዓይነቱ ሥራ የእርስዎ ሙያ የሚጠቅም ይመስለኛል። ሂሳብ አልመጣ ሲል ተመልሶ ከመጀመሪያው ማየት ለምደዋል። ወጣቶችን ይህንን ማስተማር ይከብደኛል።

ሲበይዱ መጀመሪያ በትንሽ ነጥብ ብቻ ያያይዙት፤ ሙሉውን አይዝጉት። ብየዳ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል። ሲሰበሰብ ብረቱን ወደ ራሱ ይስበዋል። አንድ ተማሪዬ ቀጥ ብሎ የቆመ ረጅም ዘንግ በየደና ሻይ ሊጠጣ ሄደ። ሲመለስ ዘንጉ ወደ አንድ ጎን አጎንብሶ አገኘው፤ የሆነ ነገር እንደሚያዳምጥ ሰው። ሊያቃናው መዶሻ አነሳ። ቆም ብሎ አየው። መዶሻውን አስቀመጠ። ያ ሥራ እስከ ዛሬ እንደዚያው ነው። እርስዎ ግን መቅናቱን ከፈለጉ በተቃራኒው ጎን ሌላ ነጥብ ያድርጉ፤ ሁለቱ ይጎታተቱና ይቆማል።

ሁለተኛና ሦስተኛ ሥራዎንም እንዲሁ ስም በሌለው ብረት ይሥሩ። ቁርጥራጭ መሰብሰብ ሲጀምሩ አንድ ወጥመድ ይጠብቅዎታል። ማርሽ፣ ካቴና፣ ኩሽኔታ፣ ሁሉም በራሱ ያምራል፤ ሁሉንም መበየድ ያምርዎታል። ተው ይበሉት። ፒካሶ እ.ኤ.አ. በ1942 ከብስክሌት ኮርቻና መሪ የበሬ ራስ ሠራ። ሁለት ዕቃ ብቻ። ኮርቻው ኮርቻ እንደሆነ ይታያል፣ መሪው መሪ እንደሆነ ይታያል፣ በሬውም አለ። ሦስተኛ ዕቃ ቢጨምርበት በሬው ይሞት ነበር ብዬ አምናለሁ።

አሁን ሳጥኑ። አሁንም ቢሆን እንዳይበይዱት እለምንዎታለሁ፤ ምክንያቴ ስሜት ብቻ አይደለም። የሚያብረቀርቁ መፍቻዎች ብዙዎቹ ክሮምና ቫናዲየም ካለበት ጠንካራ ብረት ተሠርተው ላያቸው በክሮም የተለበጠ ነው። ሲበየድ የሚወጣው የክሮም ጭስ ከተራ ብረት ጭስ የከፋ ነው። ብረቱም ጠንካራ ስለሆነ በብየዳው ጎን ድንገት ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል። ዛሬ ያያያዙት ከወር በኋላ በእጅዎ ይለያያል። ሳጥኑ ውስጥ ያሉ ብሎንና ዳዶዎችም ብዙዎቹ ዚንክ የተቀቡ ናቸው። ከዚህ ሁሉ በላይ፣ ባለቤትዎ የያዙበት ቦታ አለ። የእጀታው ልስላሴ፣ የተፋቀው ጠርዝ፣ የዘይቱ ጥቁረት። እሳት ያንን በአንድ ሰከንድ ያጠፋዋል፤ ተመልሶ አይመጣም። ብረት ስሕተት ይታገሳል ብዬ ነበር። ይህን ግን አይታገስም።

መላ አለው። የበየዱት ተራ ብረት ይያዛቸው። ዘንጎቹን እንደ እጅ፣ እንደ ጎጆ፣ እንደ ቅርንጫፍ አድርገው ይሥሩ፤ መፍቻዋ ትረፍበት። የቀለበት መፍቻ ጫፉ ላይ ራሱ ቀዳዳ አለው፤ ብሎን አሳልፈው በዳዶ ያስሩታል። ሌላውን በመዳብ ሽቦ ይጠምጥሙ። ሽቦው ከጠነከረብዎ ደብዘዝ ያለ ቀይ እስኪሆን አሙቀው ውኃ ውስጥ ይንከሩት፤ መዳብ እንዲህ ሲደረግ ይለሰልሳል። መፍቻዎቹን አይሞርዱ፣ ቀለም አይቀቡ። በጨርቅ ቀለል ያለ ዘይት ይበቃቸዋል። ዘንጎቹን ደግሞ በሽቦ ብሩሽ አጽድተው፣ ለብ እስኪል አሙቀው ሰም ይቀቧቸው። ቤት ውስጥ ለሚቆም ሥራ ይበቃል።

ከዚያ ቀን በፊት ግን አንድ ነገር ያድርጉ። ሳጥኑን ይክፈቱና ሁሉንም ነጠላ ጨርቅ ላይ ይደርድሩ። እንዳለ ፎቶ ያንሱት። ከዚያ መልሰው ይዝጉት። ሦስቱ ዘንጎች በራሳቸው ሲቆሙ ደግሞ የእነሱን ፎቶ ይላኩልኝ። ብየዳውን ግን በግራይንደር አያስተካክሉት። እርከኑን እንዳለ ካየሁት እጅዎ የት ቦታ እንደፈጠነ፣ የት እንደተረጋጋ ልነግርዎት እችላለሁ።